ሲያዙት እንቢ፣ ሲያስቁት እሺ ያለው ፊቴ

በዚህ ታሪክ ውስጥ ያለነው ሰዎች እነዚህ ነን። እኔ ወርቅነህ እባላለሁ፤ ስድሳ አንድ ዓመቴ ነው፤ ካዛንቺስ ከፈረሳው በተረፈ ሕንፃ ምድር ቤት ውስጥ የፎቶ ኮፒ ማሽን እጠግናለሁ። ሥራውን ማንም አላስተማረኝም፤ ከማሽኖቹ ጋር የሚመጡትን መጻሕፍት በመዝገበ ቃላት እየፈታሁ ነው የተማርኩት። ባለቤቴ ጸዳለ ናት፤ የመጀመሪያ ደረጃ አስተማሪ። ሴት ልጃችን ሜሮን ሰንጋ ተራ ካሉት ቢሮዎች በአንዱ የሒሳብ ሠራተኛ ናት። ወንዱ ልጃችን ናሆም ኮሌጅ ጨርሶ ሥራ ይፈልጋል፤ እስኪያገኝ ድረስ ስልኩ ፊት ቆሞ የሰው አነጋገርና አካሄድ እየቀዳ ያስቃል። አወል ጎረቤቴ ነበር፤ ልብስ ሰፊ ነው፤ ዕድሜያችንን ሙሉ አንድ ግድግዳ ተጋርተን ኖረናል። ሰፈሩ ሲነሳ እሱ ከከተማው ዳር ኮንዶሚኒየም ደረሰው፣ እኛ ቂርቆስ ቤት ተከራየን። የመጨረሻዋ አንዲት የነርቭ ሐኪም ናት፤ ሳላስፈቅዳት ስሟን አልጠራም።

ሌላ ሰው የለበትም። ልጨምር ካልኩ የምጨምረው የላይኛውን መንጋጋ ጥርሴን ነው፤ እሱም ያለ ጥፋቱ በነገሩ ገብቶበታል።

የምጽፈው እንደ እኔ ያሉ አባቶች እንዲያነቡት ነው። እንደ እኔ ያሉ ስል፣ ቤታቸውን በሥርዓት የሚያስተዳድሩ፣ ቀልድ የማይወዱ፣ ልጅ ፊት መሳቅ ክብር ይቀንሳል ብለው የሚያምኑ ማለቴ ነው። ዛሬም ሥርዓት እወዳለሁ። ይህን የምጽፈው ሰውነቴ ውስጥ ያየሁት ነገር እስከ ዛሬ ስላስገረመኝ ነው።

ነገሩ የጀመረው ከፋሲካ በኋላ በነበረው ሳምንት፣ ማክሰኞ ጠዋት ነው። ጥርሴን ፍቄ ስጉመጠመጥ ውሃው በቀኝ በኩል አምልጦ ሸሚዜን አረጠበው። ቁርስ ላይም ሻዩ በዚያው በኩል ፈሰሰ። ብርጭቆው ጠርዙ ተሸርፏል ብዬ አሰብኩና አገላብጬ አየሁት፤ ደህና ነበር። ዝም ብዬ ተነሳሁ።

እኔ ቁርስ ላይ ዝም ማለቴ ለቤተሰቤ አዲስ አይደለም። አፌ በቀኝ በኩል ወደታች ወርዷል፤ እነሱ ያዩት ግን የተቆጣ አባት ነው። ናሆም ሳይነገረው አልጋውን አነጠፈ። ሜሮን ከቢሮ ደውላ የመብራቱን ክፍያ መክፈሏን ነገረችኝ፤ ስለ መብራት አልጠየቅኳትም ነበር። ሱቅ ስደርስ የብሎን መፍቻዎቹ ከቀኝ እጄ ደጋግመው ይወድቁ ጀመር። ማሽኑን ሊወስድ የመጣ ደንበኛ ደግሞ ፊቴን አይቶ፣ «ጋሼ፣ ካልተመቸዎት ነገ ልምጣ» ብሎ ተመልሶ ሄደ።

ማታ ቤቱ ተወልውሎ፣ ጫማዎቹ በረድፍ ተደርድረው ጠበቁኝ። ጸዳለ ልጆቹን አስወጣችና ጠየቀችኝ።

«ቆይ፣ ዛሬ ምን አጠፋን?»

«ምንም» አልኩ። ቃሉ ወፍሮ፣ ተንሸራቶ ወጣ።

ጠጋ ብላ አፌን አሸተተችው። «ወርቅነህ፣ ጠጥተሃል?»

በሕይወቴ የሰርግ ጠላ እንኳ ከግማሽ ብርጭቆ አልፌ አላውቅም። ልመልስላት አፌን ስከፍት መብራቱን አብርታ አገጬን ያዘችና ወደ ብርሃኑ አዞረችው። ከዚያ በኋላ የተናገረችው በሹክሹክታ ነው። «ፊትህ ተጣሟል።»

እዚህ ላይ ማስጠንቀቂያዬን ላስቀምጥ፤ እስከ መጨረሻው የማያነብ ሰው ይህን ይያዝ። አፍ ወደ አንድ ጎን ከወረደ፣ ንግግር ከተኮላተፈ፣ እጅ ዕቃ መያዝ ካቃተው፣ አንዱም ብቻውን ቢሆን በዚያው ሰዓት ትልቅ ሆስፒታል መሄድ ነው። ለነገ የሚባል ነገር የለም። እኔ ሦስቱንም በአንድ ቀን አየሁ፤ ቤተሰቤም ሱቄም አየኝ፤ ግን ሁልጊዜ በተኮሳተረ ፊት ላይ ሕመም ቢደበቅ ማን ያገኘዋል?

በማግስቱ አወል ሁለት ታክሲ ቀይሮ መጣ። ጃኬቱ ውስጥ በጋዜጣ የተጠቀለለ ዳማከሴ ይዟል። ቅጠሉን በመዳፉ አሽቶ ግንባሬና አንገቴ ላይ ቀባኝ፣ የቀረውን ጨምቆ አጠጣኝ።

«ምች ነው» አለ። «ምን በልተህ ነው ፀሐይ ላይ የወጣኸው?»

«ንፋስ ነው እንጂ» አለች ጸዳለ። «ሰኞ ታክሲ ውስጥ መስኮት ተከፍቶ ነበር ብሎኛል።»

እውነት ነው፣ ብያታለሁ። ለዓመታት ታክሲ ውስጥ «መስኮቱን ዝጉት» የምለው ሰው እኔ ነኝ። ያን ሰኞ ሙቀቱ ስላስጨነቀኝ ራሴ ከፈትኩት። ስለዚህ ጥፋተኛው ንፋሱ መሆኑን ከማንም በፊት ያመንኩት እኔ ነበርኩ።

ከዳማከሴው በኋላ የጥርስ ክሊኒክ ሄድኩ፤ በቀኝ በኩል ያለ መንጋጋ ቀድሞም አልፎ አልፎ ያመኝ ነበር። ተነቀለ። አፌ ግን አልተመለሰም። አወል ሲሰማ፣ «ጥርሱ ምስክር ሳይሰማበት ነው የተፈረደበት» አለ። አልሳቅኩም፤ በወቅቱ ቀልዱ ያለቦታው የገባ ሆኖ ነው የታየኝ።

ቀጥሎ ሰፈር ውስጥ ያለ አንድ ክሊኒክ ሄድኩ። ወጣቱ ባለሙያ ፊቴን አየና የፊት ነርቭ መድከም ነው፣ በብርድ ይመጣል፣ በሳምንታት ውስጥ ይመለሳል አለኝ። የሚዋጥ መድኃኒትና የዓይን ጠብታ ጻፈልኝ። «ዓይኔ እኮ ደህና ይከደናል» አልኩት። «ለጥንቃቄ ነው አባት» አለኝ። ነርሷ ደም ግፊቴን ለካች፣ ግንባሯን ቋጠር አደረገች፣ «ከፍ ብሏል፤ ደንግጠው ይሆናል፤ ነገ መጥተው ይለኩ» አለች። ነገ አልሄድኩም። ስለ እጄም አልነገርኳቸውም፤ ያልተጠየቅኩትን መመለስ አልወድም ነበር። ሰውየው ቢሳሳት ግማሹን ያሳሳትኩት እኔ ነኝ።

ሳምንታቱ አለፉ፤ ፊቴ አልተመለሰም። ጠብታው ዓይኔን ብቻ ያቃጥለኛል። ሌሊት እነቃና ምላሴን ለመፈተን የቤተሰቤን ስም በቀስታ እጠራለሁ። ሜሮን ይወጣል። ናሆምም ይወጣል። ጸዳለ ግን አይወጣም፤ የመጀመሪያዋ ፊደል ምላሴ ላይ ትሟሟለች። አጠገቤ ተኝታ እየሰማችኝ እንደሆነ አላውቅም ነበር። ቀን ቀን ስሟን ላለመሳሳት «አንቺ» እያልኩ እጠራታለሁ። ከዚያ በፊት ባለው ሕይወታችን አንቺ ብዬ ብቻ ጠርቻት አላውቅም።

ቤቱ በሦስት ተከፈለ። ጸዳለ ጠበል እንሂድ ትላለች። እኔ የታዘዘልኝን ልጨርስ እላለሁ። ሜሮን ሁለታችንንም አትሰማም።

«አባዬ፣ ስትሮክ ቢሆንስ?» አለችኝ አንድ ቀን። ስትሮክ ማለት ወደ አንጎል ደም የሚወስድ ሥር ሲዘጋ ወይም ሲፈነዳ የሚመጣ ነው። «የሥራ ባልደረባዬ አባት መጀመሪያ እንዲህ ትንሽ ነገር ነበር የነካቸው። ተውት። ሁለተኛው ሲመጣ ቋንቋቸውን ወሰደው። አሁን ሚስታቸውን እንኳ በስም መጥራት አይችሉም።»

እሷ ይህን ስትናገር የሌሊቱን ነገር አታውቅም። ፈራሁ። ግን ኪሴ ውስጥ «ነርቭ» የሚል የሐኪም ወረቀት አለኝ፤ የተጻፈ ነገር ከሚወራ ነገር ይበልጣል ብዬ ነው የኖርኩት። «አጥንተሽ ካልሆነ አትናገሪ» ብያት ተነሳሁ። እያለቀሰች ወደ ክፍሏ ገባች።

በናሆም ደግሞ አዝኜበት ነበር። አባቱ ታሞ እሱ ከሳሎን ሲያስቅ ይሰማኛል። በሩን ስከፍት ዝም ይላሉ።

አንድ እሑድ ከምሳ በኋላ መኝታ ቤት ጋደም ብዬ ነበር። ሱቅ መሄድ ካቆምኩ ሰነባብቻለሁ። ድንገት ከሳሎን ድምፅ ሰማሁና ቀና አልኩ። ድምፁ የእኔ ነበር።

የእኔው፣ ሳልታመም የነበረው። ጥርት ያለ፣ ቃላቱ አንድ በአንድ የሚቆጠሩ። ያንን ድምፅ ጠፋብኝ ብዬ ሌሊት ሌሊት ስፈልገው የከረምኩት ነው። ገረመኝ፣ ደግሞም ፈራሁ። ሰው በሕይወት እያለ የራሱን ድምፅ ከሌላ ክፍል አይሰማም። ተነስቼ በባዶ እግሬ ሄድኩና በሩን በጣቴ ገፋ አደረግኩት።

ናሆም ካፖርቴን ለብሶ መሀል ወለል ላይ ቆሟል። የእናቱን መነጽር አፍንጫው ጫፍ ላይ አድርጓል። ጸዳለና ሜሮን ሶፋው ላይ ጎን ለጎን ተቀምጠዋል፤ ጸዳለ የነጠላዋን ጫፍ ነክሳለች። ናሆም መነጽሩን አውልቆ በሸሚዙ ጫፍ ወለወለ፤ እኔ ልቆጣ ስል የማደርገውን ነው። ከዚያ ወደ ፍሪጁ ዞረ።

«አንድ ጥያቄ አለኝ» አለ በእኔ ድምፅ። «ይህን ፍሪጅ ከፍታችሁ የምትቆሙት ውስጡ ፊልም አለ?»

ሜሮን ትራስ ውስጥ ተደበቀች። እሱ ቀጠለ፤ ጠረጴዛው ላይ ወዳለው የኤሌክትሪክ ማንቆርቆሪያ ጎንበስ አለና ጣቱን አነሳበት።

«አንተ ደግሞ። አሁን እስክትፈላ ሁሉ ሰው ቆሞ ይጠብቅህ? ሶኬት አምጡልኝ፣ ውሃ ሙሉልኝ፣ ይላል። እኔ በአንተ ዕድሜ ማንም ሳያፈላኝ በራሴ ነበር የምፈላው።»

ምን እንደሆንኩ አላውቅም። ልቆጣ ነበር ያሰብኩት፤ ቁጣው መንገድ ላይ ሳለ ሌላ ነገር ቀደመው። ከሆዴ ተነስቶ ደረቴን እየገፋ ወጣ፤ የበሩን መቃን ይዤ ሳቅኩ። ዕንባዬ እስኪወርድ፣ ጎኔን እስኪወጋኝ ሳቅኩ። ሦስቱም ደርቀው ያዩኛል። ናሆም መነጽሩ እጁ ላይ እንዳለ፣ «አባዬ፣ ይቅርታ፣ ማለቴ...» ይላል።

ጸዳለ ግን ናሆምን አላየችም። ተነስታ ወደ እኔ መጣች።

«ፊትህ» አለች። «ፊትህ ተመለሰ። ሁለቱም በኩል ነው የሳቀው።»

ሳቁን ጨረስኩ፤ አፌ ተመልሶ ወረደ። «እስቲ ፈገግ በል» አለችኝ። ሞከርኩ፤ ግራው ሄደ፣ ቀኙ አልሄደም። «አሁን እኮ ሄዷል፣ በዓይኔ አይቻለሁ» አለች። ሜሮን የግድግዳውን መስታወት አውርዳ ፊቴ ላይ ያዘችልኝ። ራሴን አዘዝኩት። በል አልኩት። አንድ ጊዜም ደግሜም አዘዝኩት። ግማሹ ፊቴ እንደማያውቀኝ ሰው አየኝ።

«ናሆም» አለች ሜሮን፣ «ማንቆርቆሪያውን ድገመው።»

ደገመው። በመስታወቱ ውስጥ የራሴን ሙሉ ፊት አየሁ። የሚስቅ ፊቴን መቼ እንዳየሁት አላስታውስም፤ ጭራሽ አይቼው የማላውቅ ይመስለኛል። ሜሮን መስታወቱን ወደ ቦታው እየመለሰች፣ «ነገ የነርቭ ሐኪም ዘንድ እንሄዳለን» አለች። አጥንተሽ ካልሆነ አትናገሪ አላልኳትም።

መጠበቂያ ክፍሉ ሞልቶ ነበር። የመጣነው ማልደን ነው፤ ከእኛ በፊት ከክፍለ ሀገር የመጡ ሰዎች ብርድ ልብሳቸውን ትከሻቸው ላይ አድርገው ተቀምጠዋል። ስም የሚጠራው ሠራተኛ የሰውን ስም ጠርቶ የአባቱን ስም ስለሚውጠው፣ አንድ «ተስፋዬ» ሲባል ብዙ ሰው ይነሳል። የሚናገር የለም፤ ሁሉም የራሱን ፍርሃት ይዞ ወለሉን ያያል። ናሆም ለእኔ ብሎ በቀስታ የጠሪውን ድምፅ ቀዳው፤ የአባቱን ስም ሲውጠው ጉሮሮው ላይ የቀረበት አስመስሎ አደረገው። አጠገባችን ራሳቸው በፋሻ የታሰረ እናት ነበሩ። ዘወር አሉ።

ልቆጣው ስል እሳቸው ቀደሙኝ። «ልጄ፣ እስቲ ድገመው።»

ደገመው። ከዚያ የፊት ወንበር ያሉት ዞሩ። ያ ሁሉ ሰው ለትንሽ ጊዜ ትከሻው ወረደ፤ አንዱ ውሃውን አካፈለ፣ አንዷ ተጠግታ ለጸዳለ ቦታ ሰጠቻት። ሕመማቸው ከየቤታቸው ይዘውት የመጡት ነው፣ አልቀነሰም። ቢሆንም ከዚያ በኋላ ሰዎቹ ከየት እንደመጡ መጠያየቅ ጀመሩ። በአንድ የተዋጠ ስም ይህ ሁሉ መሆኑን እያየሁ ተቀመጥኩ።

ሐኪሟ በሜሮን ዕድሜ ላይ ያለች፣ ድምፅዋን የማታነሳ ሴት ናት። ከመጀመሪያው ቀን ጀምሬ እንድነግራት ጠየቀችኝ፤ ያን ቀን ሁሉንም ነገርኩ፣ መፍቻዎቹንም ዳግም ያልተለካውን ግፊትም። ቅንድቤን እንዳነሳ ጠየቀችኝ፣ ሁለቱም ተነሱ። ዓይኔን አስጨፈነችኝ። ጣቶቿን አስጨበጠችኝ። ከዚያ «ፈገግ ይበሉልኝ» አለች። ግራው ብቻ ሄደ።

ጸዳለ አልቻለችም። «ዶክተር፣ ሲስቅ ግን ይስተካከላል» አለች።

ሐኪሟ እስክሪብቶዋን አስቀመጠች። «እንዴት ማለት?»

ማንቆርቆሪያውን ነገረቻት። እኔ መሬት እንዲውጠኝ ተመኘሁ። ሐኪሟ ወደ ናሆም ዞረች። «እዚህ ልታስቅልኝ ትችላለህ?»

ናሆም ተነሳ፤ ፊቱ ቀላ። አንድ ሁለት ቃል ተናገረ፤ ምንም አልሆነም። ማንም አልሳቀም። ያን ጊዜ አንድ ነገር ገባኝ፦ እሱም ሲያዙት አይችልም። አዘንኩለትና ባለኝ ቋንቋ፣ «ቶሎ በል፣ ዶክተሯ ሥራ አላት» አልኩት። እሱ ደንግጦ ዓይኑን ከእኔ አሸሸና የሚያየው ጠፍቶት ጠረጴዛው ላይ ያለውን የደም ግፊት መለኪያ አየ። ሳያስበው ይመስለኛል፣ ጣቱን አነሳበት።

«አንተ ደግሞ። እኔ በአንተ ዕድሜ ማንም ሳይነፋኝ በራሴ ነበር ግፊቴ የሚጨምረው።»

ሳቁ እንደዚያው ከሆዴ መጣ። ጸዳለም ሜሮንም ሳቁ። ሐኪሟ ብቻ አልሳቀችም። ወንበሯን ወደ ፊቴ አስጠግታ አፌን ዓይኗን ሳትነቅል ታያለች። ሳቄ ሲያበቃ፣ «አሁን ፈገግ ይበሉ» አለች። ቀኙ አልሄደም።  ከዚያ እስከ ዛሬ የማስበውን ነገር ነገረችን።

«ፈገግ ይበሉ ስልዎ፣ ትእዛዙ ከአንጎልዎ ወደ ፊትዎ የሚወርድበት አንድ መንገድ አለ። ከልብዎ ሲስቁ ግን ሳቁ የሚወርደው በሌላ መንገድ ነው። ሁለቱ የሚገናኙት ታች፣ የፊት ነርቭ ጋ ሲደርሱ ነው። ነርቩ ራሱ ተጎድቶ ቢሆን ሳቁም አያልፍም ነበር። የእርስዎ ሳቅ አልፏል። ስለዚህ ነርቩ ደህና ነው፤ የተዘጋው ላይኛው፣ የትእዛዙ መንገድ ነው። ነርቩ ቢሆን የቀኙ ቅንድብዎም አይነሳም ነበር፤ ሁለቱም ሲነሱ ሳይ ጠርጥሬ ነበር። ሳቅዎ አረጋገጠልኝ።»

እኔ ማሽን ጠጋኝ ነኝና ወዲያው ገባኝ። ሞተሩ ደህና ሆኖ አዝራሩ የማይሰማ ማሽን ስንት አይቻለሁ፤ ሞተሩ ጋ የሚደርስ ሌላ ሽቦ ካለ በዚያ ይነሳል። ያልጠበቅኩት፣ ሽቦው በእኔ ፊት ውስጥ መሆኑን ነው። ስድሳ አንድ ዓመት ተሸክሜው የኖርኩት ፊት ሁለት በር አለው፤ አንዱን ብቻ ነበር የማውቀው። ቤቴን፣ ልጆቼን፣ ራሴን በትእዛዝ ነው የመራሁት። የተዘጋብኝ የትእዛዙ በር ነው። እኔ ከፍቼው የማላውቀው ነው ሳይነካ የተገኘው። ይህን ማን እንዲህ አድርጎ እንደሠራው እኔ አውቃለሁ፤ ወንበሩ ላይ እንደተቀመጥኩ በልቤ አመሰገንኩት።

ኤምአርአይ በሚባለው፣ ሰው ተኝቶበት ውስጡ በሚነሳበት ትልቅ ማሽን አነሱኝ። ውጤቱ ሐኪሟ እንዳለችው ሆነ፦ ትንሽ የደም ሥር ተዘግታለች፣ ግፊቱም ሳይታከም የቆየ ነው። «ዕድለኛ ነዎት» አለችኝ። «በዚህ ግፊት ሌሎች ሳምንታት ቢቆዩ ሁለተኛው መምጣቱ አይቀርም ነበር ብዬ ነው የምፈራው።» ሜሮን የአባቴ እጅ ነው ብላ የጨበጠችው የወንበሩን ክንድ ነበር። አየሁት፤ እጄን አውጥቼ ሰጠኋት።

ልወጣ ስል ሐኪሟን ጠየቅኳት። «እንግዲህ መድኃኒቱ ሳቅ ነው ማለት ነው?»

«ያንን ብልዎ እዋሻለሁ» አለች። «የሚጠብቅዎት ኪኒኑ፣ ጨው መቀነስዎና በእግርዎ መሄድዎ ነው። ሳቅ ግን የተጨነቀ ሰውነትን ያላላል፣ ትንፋሽን ይከፍታል፣ እንቅልፍ ያመጣል። ደግሞ አብሯቸው የሚስቅ ሰው ያላቸው በሽተኞች ሕመማቸውን ደብቀው ሲቆዩ አላይም።»

የመጨረሻዋን ቃል ይዤ ወጣሁ።

ከዚያ በኋላ ያለው ረጅምና አሰልቺ ነው። ኪኒን በየጠዋቱ። ከቂርቆስ እስከ ደምበል በእግር፤ ተኝቼ ስለሰነበትኩ መጀመሪያ በምርኩዝ፣ በኋላ ያለ ምርኩዝ። መስታወት ፊት ቆሞ ጠ፣ ጨ፣ ጸ ማለት። አወል አንድ ቅዳሜ በዚህ ሥራ ላይ አገኘኝና በር ላይ ቆሞ፣ «አንተ ሰውዬ፣ ለብቻህ ጨጨ ጨጨ የምትለው ዶሮ ልትጠራ ነው?» አለኝ። ቀኙ ፊቴም ሳቀ። አወል ከዚያ ቅዳሜ በኋላ አልቀረም።

ሳቅ ጥሩ ነው ከተባለ በሥርዓት ይሁን ብዬ አንድ ቀን ከእራት በኋላ ቴሌቪዥኑን አጥፍቼ፣ «አሁን እንስቃለን» ብዬ አወጅኩ። ማንም አልሳቀም። ናሆም ወደ ጣሪያው አየ። ጸዳለ ሳህን ማንሳት ጀመረች። ትንሽ ቆይቼ የማላወራውን አወራሁ፦ ወደ ሱቅ በተመለስኩ ሰሞን አንዲት ደንበኛ ማሽኑ አልነሳም አለኝ ብላ ጠራችኝ። ቢሮዋ ሄጄ ፈታታሁት፣ ጠራረግኩት፣ ስለ ማሽኖች አሠራር ትምህርት ሰጠኋት፤ በመጨረሻ የፅዳት ሠራተኛዋ መጥታ ሶኬቱን ሰካችው። ሜሮን ጠረጴዛው ላይ ተደፋች። ናሆም፣ «ትምህርቱን ድገመውና ልቅዳው» አለኝ። ከዚያ ወዲህ ማታ ማታ እያንዳንዳችን የቀኑን ውርደታችንን እንናገራለን። ማንም አላዘዘውም፤ ለዚህ ይመስለኛል የቆየው።

ግፊቴን ቤት እለካለሁ። በሳቅንበት ማታ ዝቅ ይላል፣ እንቅልፌም ቶሎ ይመጣል። እኔ አንድ ሰው ነኝ፤ የአንድ ሰው ነገር ለሌላው ማስረጃ አይሆንም። ያየሁትን ነው የምናገረው።

አንድ ጠዋት ደግሞ ሸሚዜን ስፈልግ ሳላስበው፣ «ጸዳለ፣ ሸሚዜስ?» ብዬ ተጣራሁ። ከማድ ቤት መልስ ጠፋ። ሄጄ ሳያት እጇ ሳሙና እንደያዘ ቆማለች። «እንደገና ጥራኝ» አለች። ጠራኋት። ሸሚዙን ሁለታችንም ረሳነው።

በቅርቡ መታወቂያ ለማሳደስ ከናሆም ጋር ሄድኩ። ፎቶ የሚያነሳው ልጅ፣ «አባት፣ አፍዎን ያስተካክሉ፣ ተጣሟል» አለኝ። ይህች ትንሽ ጉድለት አልለቀቀችኝም፤ ሐኪሟም ጨርሳ ላትጠፋ ትችላለች ብላለች። ሞከርኩ፤ አልሆነም። ናሆም ከልጁ ጀርባ ቆሞ ጣቱን ወደ ካሜራው አነሳ። «አንተ ደግሞ» ሲል ገና ሳይጨርስ ሳቅኩ። ፊቴ ተስተካከለ።

«መሳቅ አይፈቀድም» አለ ልጁ። «እንደገና።»

እንደገና ተነሳሁ፤ መታወቂያዬ ላይ ያለው የተጣመመው ነው።

ከሁላችንም የወጣውን ደምሬዋለሁ። ለክሊኒክ፣ ለመድኃኒትና ለምርመራ የቤታችን የሁለት ዓመት ቁጠባ ሄዷል። ከሜሮን የዓመት ፈቃዷ፣ ከጓደኞቿ ጋር ሐዋሳ የምትሄድበት። ከጸዳለ፣ ስሟን ስሳሳት ሰምታ እንዳልሰማች የሆነችባቸው ሌሊቶች፤ ይህን የነገረችኝ በቅርቡ ነው። ከአወል የቅዳሜ ሥራው። ከናሆም ከሁሉ የተሻለው ገጸ ባሕርይ፤ «አባዬ፣ ከሳቅክ ወዲህ አንተን መሥራት አቃተኝ፣ ትበላሽብኛለህ» ይለኛል። አንድ ጥርስ። ከእኔ ደግሞ በትእዛዝ የምትመጣዋ ፈገግታ፤ እሷ አትመለስም። ሙሉ ፊቴን ከእንግዲህ የሚያየው የሚያስቀኝ ሰው ብቻ ነው። ድምሩ ይኸው ነው።